የኋላ እግር ነገር

አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የምትመዝን መኪና፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ልጅ የዳረ፣ የቤት ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰ ሰው አቧራ ላይ ስታንበረክክ ካላያችሁ፣ ደቡብ ካሊፎርኒያን አውቀዋለሁ አትበሉ። እንዲህ ያለው ሰው ቅዳሜ ማለዳ ከቤቱ ሲወጣ ጎረቤቱ ዓሣ ሊያጠምድ የሚሄድ ይመስለዋል። እሱ ግን በፒክአፑ ላይ የመሣሪያ ሣጥን፣ ተጣጣፊ ጠረጴዛ፣ ነጭ ፎጣና አንዲት ትንሽ መኪና ጭኗል። ተጫኟ መኪና ከጫናት መኪና የተሻለ ሾክ አላት። ፒክአፑ የፍጥነት መቀነሻ በተሻገረ ቁጥር ያቃስታል፤ ትንሿ ፎጣ ተነጥፎላት ተኝታለች።

ነገሩ በሪሞት የሚነዳ መኪና ነው። የልጆች መጫወቻ የመሰላችሁ እንደሆነ፣ ልጆቹ የሚመጡት አባቶቻቸውን ለማጀብ መሆኑን ልንገራችሁ። እኔን ወደዚህ ዓለም የጎተተኝ የእህቴ ልጅ ነው። እህቴ ቅዳሜና እሑድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለምትሠራ፣ ልጁን የማመላለሱ ዕጣ እኔ ላይ ወደቀ። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው። አማርኛው ደህና ነው፤ መኪናዋ ስትገለበጥ ብቻ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። ከእኛ ጋር ደግሞ አንድ ወዳጄ አይጠፋም። አዲስ አበባ ሳለ ጋራዥ ውስጥ ያደገ፣ እዚህ ሰው በሊሞዚን የሚያመላልስ፣ አበሻው በሙሉ «መካኒኩ» የሚለው ሰው ነው። መጀመሪያ የመጣው ለወሬ ነበር፤ አሁን የራሱን ካቻቢቴ ይዞ ነው የሚመጣው።

ሰፈሩ ደግሞ የነገሩ ዋና ሰፈር ነው። ሪሞት መኪና ከአስፋልት ወርዶ አፈር ላይ መፈንጨት ከጀመረ ብዙ ዘመን አልሆነውም። የጃፓኑ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1979 ራፍ ራይደርና ሳንድ ስኮርቸር የተባሉ መኪኖችን አወጣ። በ1984 ደግሞ ግራስሆፐርና ሆርኔት መጡና በየአገሩ ያለውን ልጅ አሳበዱት። የግራስሆፐር ኋላ ወጥ አክሰል ነው፤ ሞተሩና ካምቢዮው ከአክሰሉ ጋር ተያይዘው አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። የግራ ጎማ ጠጠር ቢረግጥ የቀኙ ምን አገባኝ ማለት አይችልም። ሆርኔት ሞተሯ ጠንከር ብሎ፣ የኋላ ሾኳ ዘይት ተጨምሮበት መጣች እንጂ አክሰሏ ያው ነበር። ጉልበት ጨምራ በዚያው መዝለሏንም ጨመረች።

በዚያው በ1984 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቲም አሶሼትድ የተባለው ኩባንያ አር ሲ 10ን አወጣ። ወርቃማ የአሉሚኒየም ሻሲ፣ እያንዳንዱ እግር ለብቻው የሚነሣና የሚወርድ፣ ሾኮቹ ዘይት የጠጡ። በተከታዩ ዓመት እዚሁ ደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ዴል ማር ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና፣ በኋላ ጎማ ብቻ በሚነዱት ምድብ ጄይ ሃልዚ ዋንጫውን የወሰደው በዚችው መኪና ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የዚህ አገር ሰው ስለ ኋላ እግር ማውራት አላቆመም። እኔ ወሬውን የደረስኩበት ዘግይቼ ነው፤ ግን ገና መሐሉ ላይ ነበሩ።

ወሬው ለምን እንደማያልቅ ለመረዳት ሜዳውን ማየት ያስፈልጋል። ጠዋት ውሃ ጠጥቶ፣ ተደልድሎ፣ ተጠቅጥቆ ታገኙታላችሁ። እስከ ምሳ ሰዓት ፍሬን የሚያዝበት ቦታ ሁሉ ይቦረቦራል። ከዝላይ በኋላ የሚታረፍበት ይሰረጉዳል። ከኩርባ ሲወጣ ሁሉም የሪሞቱን ምላጭ የሚስብበት ቦታ ደግሞ ትክክለኛ ኮረኮንች ይሆናል፤ በጠጠር መንገድ በአውቶቡስ ሄዶ ጥርሱ የተንገጫገጨ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት። ዋናው የፍጻሜ ውድድር የሚደረገው ሜዳው ከሁሉ በከፋበት ሰዓት ነው። ጠዋት ያሸነፈ ማታ ሲያለቅስ የሚታየው ለዚህ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። የነዚህ መኪኖች የፊትና የኋላ ጎማ የሚራራቁት 28 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲሮጡ በሴኮንድ 10 ሜትር ይሄዳሉ። እንግዲህ የፊቱ ጎማ የመታውን ጉብታ የኋላው የሚደርስበት 0.03 ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ ነው። እናንተና እኔ የምንነዳው መኪና በዚያው ፍጥነት አሥር እጥፍ ጊዜ አለው። 3 ሳንቲ ሜትር የጠለቀ ስርጉድ ለእነሱ የእኛ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ጉድጓድ በተደረደረበት መንገድ ላይ አስተዋይ ሹፌር ቀስ ይላል፤ አስተዋይ ተሳፋሪ ደግሞ «ወራጅ አለ!» ይላል። እነዚህ ግን እዚያች ቦታ ሲደርሱ ምላጩን ጭራሽ ይስቡታል።

መከራው ሁሉ የሚያርፈው ኋላ ላይ ነው። የኛ ልጅ መኪና የምትነዳው በኋላ ጎማ ብቻ ነው፤ ከክብደቷም የሚበዛው ያለው እዚያው ነው። የኋላው ጎማ አየር ላይ ከሆነ ምላጩን መሳብ ትርፉ ጩኸት ነው፤ ጎማው እየሾረ መኪናዋ ካለችበት አትነቃነቅም። ሲወርድ ደግሞ ያን ሁሉ ሽክርክሪት ይዞ ድንገት መሬት ይነክሳል። ያኔ ኋላዋ ወደ ጎን ትመነጫለች፤ አለዚያም ቂጧ ተነሥቶ በአፍንጫዋ ትተከላለች። ከዚያ ሜዳው ዳር የቆሙ ሰዎች ሮጠው ሄደው ያቃኗታል። ይህም ሥራ በደንብ የተደለደለ ነው፤ ቀድሞ የተወዳደረ ቀጥሎ የሚወዳደረውን ያነሣል። አሁን ያሸነፈህን ሰው መኪና ሮጠህ ማንሣት ጥሩ የትሕትና ትምህርት ነው፤ አንዳንዱ ግን ሲሮጥ እግሩ ይከብደዋል።

መካኒኩ የመጀመሪያውን ውድድር እንዳየ ምርመራውን ጨረሰ። «ሞላዋ ላልቷል» አለ። «አጥብቃት። እኛ ጋ የጭነት መኪና ኋላው ሲጎብጥ አንድ ባሌስትራ እንጨምርለት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል?»

«ጋሼ፣ ለጭነት አይደለም እኮ» አለ ልጁ። «ምንም አልጫነችም። መዝለል ያለበት ጎማው ነው፤ መኪናዋ አይደለችም።»

መካኒኩ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይኼ ልጅ ምን እያለ ነው?» አለኝ። እኔም የልጁ አጎት ስለሆንኩ በደንብ የገባኝ መስዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ልጁ ግን የነገሩን ሥር ነው የተናገረው። ኮረኮንች ሲመጣ የሰው ሁሉ የመጀመሪያ ሐሳብ ማጠንከር ነው፤ ሞላውን ማጥበቅ፣ ዘይቱን ማወፈር፣ ሁሉንም ነገር ጥርስ ማስነከስ። እግሯ የጠነከረ መኪና ጉብታውን የምታልፈው ከነሰውነቷ ተነሥታ ነው፤ ከነሰውነቷ የተነሣች መኪና ደግሞ ከነሰውነቷ ትወርዳለች። እግሯ የለሰለሰ መኪና ስትሮጥ ጎማዎቿ ከታች ሲርመሰመሱ ይታያሉ፤ ጀርባዋ ግን ውሃ የሞላ ብርጭቆ ቢያስቀምጡባት የምታደርስ ትመስላለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። መካኒኩ አይቶም ማብራሪያ ጠየቀ፤ የሙያ ኩራት ቀላል ነገር አይደለም።

ማብራሪያው ያለው ሾኩ ውስጥ ነው። ሾኩ ርዝመቱ ከጣት ብዙ አይበልጥም። ልጁ ነጭ ፎጣውን አንጥፎ ሞላውን ያወጣል፣ ክዳኑን ይፈታል፣ የነበረውን ዘይት ይደፋል። ሲገባ ውሃ የመሰለ ንጹሕ ሲሊኮን ነበር፤ ሲወጣ እጣቢ መስሏል። በዘንጉ ጫፍ ላይ ከሸሚዝ ቁልፍ የምታንስ፣ ቀዳዳ ያላት ዝርግ ክብ ነገር አለች፤ ፒስተን ትባላለች። አዲስ ዘይት እስከ አፉ ይሞላና ዘንጉን ቀስ እያደረገ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሰዋል። ከፒስተኑ ሥር ጥቃቅን አረፋ እየተፈለቀቀ ይወጣል። እዚህ ላይ መጠበቅ ነው። አረፋ የቀረበት ሾክ አንዴ ይገፋል፣ አንዴ ይተዋል፤ እንዲህ ያለውን ይዞ ከመወዳደር ቤት መቀመጥ ይሻላል። ስልኩን ከእጁ ለአፍታ የማይለየው ልጅ፣ ይህን አረፋ ለማየት ስልኩን ገልብጦ ያስቀምጠዋል። እናቱ ይህን ብታይ ሾክ ለመግዛት ገንዘብ አትከለክለውም ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ሞላው ጎማውን ወደ መሬት ይገፋዋል፤ ዘይቱ ደግሞ ሞላውን ቀስ በል ይለዋል። ጎማው ሲነሣ ፒስተኑ ዘይቱን ሰንጥቆ ማለፍ አለበት፤ ዘይቱ የሚያልፈው በነዚያ ቀዳዳዎች ብቻ ነው። ቅዳሴ አልቆ ሰው ተራ በተራ ሲወጣ ጠባቧ በር ሺህ ሰው ታሳልፋለች። ዝናብ መጣ ተብሎ ሁሉም በአንዴ ከተነሣ ግን ያችው በር አንድ ሰው አታሳልፍም። ሾኩም እንደዚያ ነው። በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ስትጫኑት ይታዘዛል። በኮረኮንች ላይ በዚያ ፍጥነት ሲመታ ግን ዘይቱ በጠባቡ ቀዳዳ ማለፍ ያቅተውና ሾኩ ይቆልፋል። የቆለፈ ሾክ ዱላ ነው፤ መኪናዋም በዱላ ተመትታ ትነሣለች።

መድኃኒቱ ቀዳዳውን ማስፋት ነው። ባለ 1.6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ፒስተን ወጥቶ ባለ 1.7 ይገባል። አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል፤ የቀዳዳውን ስፋት ከመቶ 13 እጅ ይጨምረዋል። ቀዳዳው ሲሰፋ ግን ሾኩ በእርጋታው ሰዓትም ልል እንዳይሆን ዘይቱ ትንሽ ይወፍራል። መካኒኩን ያስገረመው ይኼ ነበር። የወፈረ ዘይት የጠነከረ ሾክ ማለት ነው ብሎ የኖረ ሰው፣ ወፍራም ዘይት በሰፊ ቀዳዳ ሲሆን ለኮረኮንች የሚሻል መሆኑን ሲሰማ ዝም ብሎ ቡናውን ጠጣ። ከዚያ «ይኼማ ተንኮል ነው» አለ። በእሱ አፍ ትልቅ ምስጋና ነው።

ተንኮሉ ግን ዕዳ አለው። ከትልቅ ዝላይ ሲታረፍ ያ የሚቆልፈው ጠባብ ቀዳዳ ጥሩ ነበር፤ ሆዷ መሬት እንዳይመታ ይይዛታል። ቀዳዳው ሲሰፋ ሜዳው ማዶ ድረስ የሚሰማ «ጷ!» ይመጣል። ስለዚህ ዝላዩም ኮረኮንቹም ባለበት ሜዳ ሁለቱን ማስታረቅ ነው፤ ሽማግሌ የተቀመጠበት ጉዳይ ሁሉ እንደሚያልቀው፣ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ተከፍተው ያልቃል። ፀሐይም ድርሻዋን ትጠይቃለች። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በማለዳው ብርድ የተስተካከለ ሾክ ከቀትር በኋላ ሌላ ሾክ ነው። ጥላ ሥር ተቀምጦ ሾኩን በእርጥብ ጨርቅ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ ሰው ብታዩ አትሳቁ። ብትስቁም ቀስ ብላችሁ ይሁን፤ ትኩረት ላይ ነው።

የቀረው ማስተካከያ ብዙ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ልለፈው፤ አለዚያ እኔም ከእነሱ አንዱ መሆኔ ይታወቃል። ከሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ መኪናዋን ጠረጴዛው ላይ ትለቋታላችሁ። ስታርፍ የኋላ ክንዶቿ ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ ሆነው ከቆሙ ቁመቷ ለመነሻ ደህና ነው፤ ሜዳው ሲበላሽ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ትላለች። ብድግ ስታደርጓት ደግሞ እግሯ ወደ ታች መንጠልጠል አለበት፤ ስርጉድ ሲመጣ ሰውነቷ ሳይከተል ጎማው ብቻውን ወርዶ መሬት የሚያገኘው በዚህ ትርፍ ነው። የግራና የቀኝ እግሯን የሚያያይዘው ቀጭን ዘንግ በኮረኮንች ቀን ይቀጥናል፣ ወይም ጨርሶ ይወልቃል፤ አንዱ ጎማ የረገጠውን ሌላው እንዳይሰማ። ከላይ ያለው ማያያዣ ረዘም ሲል ጎማው ሲነሣና ሲወርድ ማዘንበሉ ይቀንሳል። ሮንዴላ አዛውሮ የኋላውን ጎማ ትንሽ ወደ ኋላ መግፋትም መኪናዋን ያረጋጋታል።

አንዷን ግን ላቆይባት። የኋላ ክንዶቹ የተሰኩበት ፒን የፊት ጫፉ ቀና ያለ ነው። ይህ ቀና ያለ አቋም ምላጩ ሲሳብ ኋላዋ ቁጢጥ እንዳትል ይደግፋታል፤ ጉልበቷ ቶሎ መሬት ያገኛል። ለስላሳ ሜዳ ላይ ያለ እሱ መኖር አይቻልም። ኮረኮንች ላይ ግን ያው ድጋፍ፣ ምላጩ በተሳበባት ቅጽበት፣ ያን ሁሉ የለፉበትን ለስላሳ እግር ያደርቀዋል። ስለዚህ አንድ ዲግሪ ይቀነስና ኋላዋ ትንሽ እንድትቀመጥ ይፈቀድላታል። ልጁ ይህን ሲያስረዳ መካኒኩ በእጁ መዳፍ ጠረጴዛው ላይ ደጋግሞ አስመሰለው። በመጨረሻ «እሺ፣ ሲጫኗት እሺ እንድትል ነው» አለ። ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ ከማንም አልሰማሁም።

መካኒኩን እስካሁን አሳንሼው ከሆነ አሁን ልካሰው። ዘይቱም ተቀይሮ፣ ፒስተኑም ሰፍቶ የመኪናዋ ቀኝ ኋላ መመንጨቱን አልተወም። ልጁ ሞላ ሊቀይር ሲነሣ መካኒኩ «ቆይ» አለ። ሾኩን ከታች ፈታው፤ ክንዱን በጣቱ አነሣና ለቀቀው። በራሱ ክብደት ጧ ብሎ መውደቅ የነበረበት ክንድ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። «ብራቾው ነክሷል» አለ። ፒኑን መዝዞ ጠረጴዛው ላይ አንከባለለው፤ ፒኑ ለዓይን ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ሲንከባለል ግን አነከሰ። ጎብጧል። ቀዳዳው ውስጥ ደግሞ የሜዳው አፈር ተጠቅጥቆ ገብቷል። አዲስ ፒን ገባ፣ ቀዳዳው ተጠረገ፣ ክንዱ ሲለቀቅ ወደቀ። በአጠገባችን ያለው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ሲያዩ ቆይተው ለመካኒኩ ባርኔጣቸውን አነሡለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጄ አንገቱ አልታጠፈም።

እዚያ ጥላ ሥር የሚታየው የሰው ዓይነት ለብቻው ወግ ይወጣዋል። አንዱ የዓለም ሻምፒዮን የተጠቀመበትን የማስተካከያ ወረቀት አትሞ፣ በፕላስቲክ ለብጦ ይመጣል። ሻምፒዮኑ የሮጠው ሌላ አገር፣ ሌላ አፈር፣ ምንጣፍ በመሰለ ሜዳ ላይ ነው፤ ሰውዬው ግን መኪናው በዘለለች ቁጥር ወረቀቱን ያያል እንጂ ሜዳውን አያይም። ሌላው አንዴ በተሸነፈ ቁጥር ሞላውንም፣ ዘይቱንም፣ ጎማውንም፣ ቁመቱንም አንድ ላይ ይቀይራል። ከተሻለው የትኛው እንዳሻለው አያውቅም፤ ከባሰበትም የትኛውን እንደሚመልስ አያውቅም። ሦስተኛው ሁሉንም ሰው ይጠይቃል፤ ከየሰዉ አንድ አንድ ምክር ሰብስቦ፣ ሁሉንም አዋሕዶ፣ ማንም ያልመከረውን መኪና ይሠራል። ከሁሉ የማደንቀው አራተኛውን ነው። ዘይቱ 30 ይሁን 32.5 በሚለው ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተከራክሮ፣ ባትሪ መሙላት ረስቶ ወደ መስመሩ ይሄዳል።

ልጁ ያለው ሕግ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየራል፣ ሰዓት ይያዛል፣ ይጻፋል። ትንሽ ደብተር አለችው። በክፍል ትምህርቱ አንድ ገጽ ማስታወሻ የማይጽፍ ልጅ፣ እዚህ ሜዳው ደረቅ ነበር ወይስ እርጥብ፣ ሾኩ በየትኛው ቀዳዳ ላይ ታሰረ፣ ዙሩ ስንት ሴኮንድ ፈጀ እያለ መስመር በመስመር ይሞላል። እህቴ ደብተሩን አንድ ቀን አገኘችውና የኬሚስትሪ መስሏት ደስ አላት። እኔም ደስታዋን አላበላሸሁም፤ ዘይት ስላለበት ከኬሚስትሪ ብዙ አይርቅም።

የማታው ውድድር ደረሰ። ነጂዎቹ ማማው ላይ ተደርድረው ቆሙ። ይህ ማማ በጣም ደስ የሚል ቦታ ነው፤ መኪናቸው ወደ ግራ ስትታጠፍ አብረው ወደ ግራ ያዘነብላሉ፣ ስትዘል ተረከዛቸው ይነሣል፣ ስትወድቅ «ውይ» ይላሉ። አምስት ደቂቃ ነው። ከሁሉ ብርቱ ሞተር የገጠመ አንድ ሰውዬ ገና ሲነሣ ሁሉንም ጥሎ ሄደ፤ ኮረኮንቹ ላይ ሲደርስ መኪናው ሁለቴ ዘለለችና በሦስተኛው በጀርባዋ ተኛች። ባለ ለበጣው ወረቀትም ተከተለው። ያሸነፉት እኚያ ባርኔጣቸውን ያነሡት ሽማግሌ ናቸው። መኪናቸው ለማየት ታሰለቻለች። አትጮኽም፣ አትዘልም፣ አቧራ እንኳ በቁጠባ ነው የምታነሣው። አንድ ዙር ላይ እንኳ ከሁሉ ፈጣን አልነበሩም፤ ሁሉም ዙር ላይ ግን ያው ናቸው። ልጃችን ሦስተኛ ወጣ። መካኒኩ በፒኑ ምክንያት መሆኑን ላልጠየቀውም ሰው ሁሉ አስረዳ።

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ከውድድሩ በኋላ ስለ ሜዳው የሚያማርር ሞልቷል፤ ተበላሽቷል፣ አልተደለደለም፣ ውሃ አንሶታል። ሽማግሌው ብቻ ስለ ሜዳው አንድ ቃል አልተናገሩም። ጉድጓዱ እኮ ለሁሉም እኩል ነው የተቆፈረው፤ እሳቸው ያለፉበት እኛም ያለፍንበት ነው። ሜዳውን የማስተካከል ሥልጣን ማማው ላይ ለቆመ ሰው አልተሰጠውም፤ የተሰጠው የኋላ እግሩን ብቻ ነው። ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው መንገዱን ከመርገም ሾኩን መፍታት ይመርጣል። ይህን ብዬ ልፈላሰፍ ስል ሽማግሌው ዕቃቸውን ጭነው ፒክአፓቸውን አስነሡ፤ ከመኪና ማቆሚያው ሲወጡ የኋላ ሾካቸው ሲያጓራ ከአጥር ውጭ ይሰማ ነበር። ሰው ሁሉን ነገር አይችልም፤ ፍጹም የሚያደርገው በሁለት እጁ አንሥቶ መገልበጥ የሚችለውን ብቻ ነው።

አሁን ያለን ችግር መካኒኩ ነው። «ይቺ ለልጅ ናት» ይላል፤ «ለአዋቂ የሚሆን የለም?» «አለ» ብለው አሳዩት። የእውነተኛው አንድ ስምንተኛ የሆኑት መኪኖች 3.5 ሲሲ ሞተር አላቸው፤ የሚጠጡት ሜታኖልና ናይትሮሜቴን የተቀላቀለበት ነዳጅ ነው። የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜያቸው አንድ ሙሉ ሰዓት ይፈጃል፤ በመሐል እየቆሙም ነዳጅ ይቀዳላቸዋል። «ነዳጅ ይቀዳል?» አለ ወዳጄ፤ ዕድሜው በሃያ ዓመት ሲቀንስ ፊቱ ላይ አየሁት። በዚያች ቅጽበት ሥራው ተከፋፈለ። ልጁ ይነዳል፣ እሱ ነዳጅ ይቀዳል፣ እኔ እከፍላለሁ።

የቀረው ለባለቤቱ መንገር ነው። ይንገራት ወይስ አይንገራት ብለን ብዙ ከተመካከርን በኋላ፣ ከሾክ የተማረውን ሥራ ላይ ለማዋል ወሰነ። «በአንዴ ከወረወርኩባት ትቆልፍብኛለች» አለኝ፤ «በትንሽ በትንሹ ነው የማሳልፈው።» እስካሁን የነገራት ስለ ጎማዎቹ ብቻ ነው።